ሰውየውን በየት በኩል እናውቀው? የልብ አንጠልጣይ ፊልሞችን መክፈቻ የቃኘ ዳሰሳ

አልፍሬድ ሂችኮክ በ1960 «ሳይኮ»ን ለሕዝብ ሲያቀርብ ለሲኒማ ቤቶች ጥብቅ ትእዛዝ ሰጥቶ ነበር፤ ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ ማንም ሰው እንዳይገባ። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ተመልካች በፈለገው ሰዓት ገብቶ ከደረሰበት ጀምሮ ማየት፣ ያመለጠውንም በሚቀጥለው ዙር ማሟላት ልማዱ ነበር። ትእዛዙ ገበያ መሳቢያም ነበር፤ ግን በቂ ምክንያት ነበረው። የፊልሙ ትልቋ ኮከብ ጃኔት ሊ ፊልሙ ግማሽ ሳይደርስ ትገደላለች። አርፍዶ የገባ ሰው «መቼ ነው የምትመጣው?» እያለ ሲጠብቃት ያመሽ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሂችኮክ በር ያዘጋበትን ያንን የመጀመሪያ ክፍል ነው እዚህ የምንመረምረው። ልብ አንጠልጣይ ፊልም በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ዋና ገጸ ባሕሪውን ሲያስተዋውቀን ምን ይሰጠናል? ስሙን? ሥራውን? የኋላ ታሪኩን? እነዚህን ፊልሞች ደጋግሜ አይቼ የደረስኩበት እምነት እነዚህ ሁሉ ቢዘገዩ ጉዳት የላቸውም የሚል ነው። ሊዘገይ የማይገባው የሰውየው ስስ ብልት ነው። በየት በኩል ሊጎዳ እንደሚችል አስቀድመን ካላወቅን አደጋው ሲመጣ የምንፈራለት ነገር አይኖረንም፤ ፍርሃት ከሌለ ደግሞ የቀረው ሩጫና ተኩስ ብቻ ነው።

ከራሱ ከ«ሳይኮ» እንጀምር። ካሜራው በፊኒክስ ከተማ ላይ እየቃኘ ቀኑን፣ ሰዓቱን ሳይቀር ይነግረናል፤ ዓርብ ዲሴምበር 11፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8፡43። ከዚያ ከብዙ መስኮቶች አንዱን መርጦ በመጋረጃው ሥር ሾልኮ ይገባል። ማሪየን ክሬን (ጃኔት ሊ) በምሳ ሰዓቷ ርካሽ ሆቴል ውስጥ ከፍቅረኛዋ ጋር ናት። የምሳዋ ሳንድዊች ሳይነካ ተቀምጧል። ሰውየው ዕዳ አለበት፤ ለፈታት ሚስቱም ቀለብ ይቆርጣል፤ ስለዚህ ሊያገባት አልቻለም። እሷ የምትፈልገው ደግሞ ተደብቆ መገናኘት ቀርቶ በወግ በማዕረግ መኖርን ነው። ጥቂት ቆይቶ ቢሮዋ ውስጥ 40,000 ዶላር በአደራ ሲሰጣት ምን እንደሚፈትናት ማንም ሊነግረን አያስፈልግም። ገንዘቡን ይዛ ስትሄድ «ሌባ!» ለማለት አፋችን አይደፍርም። ፖሊስ ሲያስቆማት ከእሷ ጋር እንደነግጣለን። ይህን ያደረገው ያ ሳይበላ የቀረ ምሳ ነው እላለሁ። ሌላም ነገር አለ፤ በመስኮት ሾልከን ገብተን ገመናዋን ያየነው እኛ ነን። ኋላ ባለሞቴሉ ኖርማን ቤትስ በግድግዳ ቀዳዳ ሲያጮልቅባት ያንኑ እየደገመ ነው።

በዚህ ጥበብ ግን የሂችኮክን የራሱን «ሪር ዊንዶው» (1954) የሚያህል አላየሁም። የኒው ዮርኩ ግሪኒች ቪሌጅ ውስጥ ያለ አንድ የጋራ ግቢ በጠዋቱ ሲነቃ እናያለን። ሙቀቱ በዝቶባቸው ደጅ ላይ ያደሩ ባልና ሚስት፣ ደረጃ የምትወጣ ድመት፣ በየመስኮቱ የየራሱን ኑሮ የሚኖር ጎረቤት። ካሜራው ወደ ክፍሉ ሲመለስ ላብ ያጠመቀው ግንባር እናገኛለን፤ ቴርሞሜትሩ ከ90 ፋራናይት በላይ ይላል። ካሜራው ግቢውን እንደገና ዞሮ ይመለስና አሁን ዕቃዎቹን በየተራ ያሳየናል። እስከ ወገቡ በጄሶ የታሰረ እግር፣ ጄሶው ላይ የቀልድ ጽሑፍ። የተሰባበረ የፎቶግራፍ ካሜራ። ግድግዳው ላይ የውድድር መኪና ሲገለበጥ የተነሣ ፎቶግራፍ፣ ከመኪናው የተነቀለው ጎማ ወደ ፎቶ አንሺው እየበረረ። ሌሎች የአደጋና የፍንዳታ ፎቶግራፎች። ፍሬም ውስጥ የገባ የአንዲት ሴት ፊት፣ ያውም ኔጋቲቩ። ከጎኑ የመጽሔት ክምር፣ የላይኛው ሽፋን ላይ ያችው ሴት።

እስካሁን ስለ ሰውየው አንድም ቃል አልተነገረም። ሆኖም ሰውየው ፎቶግራፍ አንሺ መሆኑን፣ አደጋ ወዳለበት ሮጦ የሚሄድ ዓይነት መሆኑን፣ በዚያው ልማዱ እግሩን መሰበሩን፣ ኑሮውን የሚደጉመው ግን ምናልባትም በማይወደው የፋሽን ሥራ መሆኑን አውቀናል። ጎማውን፣ የተሰበረውን ካሜራና የተሰበረውን እግር ያገናኘነው እኛው ነን። ተመልካች ራሱ ገጣጥሞ የደረሰበትን ነገር አይጠራጠርም፤ ሰው የነገረውን ግን ይጠራጠራል፣ ቶሎም ይረሳል። ልብ በሉ፣ ጄምስ ስቱዋርት የሚጫወተው ይህ ሰው በዚያ ሰዓት ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ተኝቷል። ጎረቤቶቹን ከእሱ በፊት የሰለልናቸው እኛ ነን። ስስ ብልቱም ፊታችን ተጋድሟል። ዓይኑ የማይጠግብ፣ እግሩ የማይነሣ ሰው ነው። የመጨረሻው ትዕይንት ላይ ነፍሰ ገዳዩ በሩን ከፍቶ ሲመጣበት መሸሽ የማይችለው ሰውዬ መከላከያው የካሜራው ፍላሽ ብቻ ይሆናል። ፍጻሜው ያለቀው በመጀመሪያዎቹ አራት ደቂቃዎች ውስጥ ነው ማለት ይቻላል።

ይኸው ዘዴ በችኮላም ይሠራል። «ቨርቲጎ» (1958) ፖሊስ የሆነውን ስኮቲን በሳን ፍራንሲስኮ ጣሪያዎች ላይ ሰው ሲያሳድድ አሳይቶን በአሸንዳ ላይ አንጠልጥሎ ይተወዋል፤ እጁን ሊሰጠው የመጣው ባልደረባው ወድቆ ይሞታል። ስኮቲ ከዚያ እንዴት እንደወረደ ፊልሙ ፈጽሞ አያሳየንም፤ እስከ መጨረሻው እንደተንጠለጠለ ያለ የሚመስለኝ ለዚህ ነው። «ዳይ ሃርድ» (1988) ደግሞ ጆን ማክሌንን የሚያስተዋውቀን አውሮፕላን ሲያርፍ ክንድ ማሳረፊያውን ጭምድድ አድርጎ ይዞ ነው። አጠገቡ የተቀመጠው መንገደኛ ከበረራ በኋላ ጫማህን አውልቅና ምንጣፍ ላይ ጣቶችህን ጭብጥ ዘርጋ አድርግ ብሎ ይመክረዋል። ምክሩን ሲሞክር ወንበዴዎቹ ይደርሳሉ፤ ሰውዬው ሕንጻውን ሁሉ በባዶ እግሩ ይዞራል፤ ኋላም የተሰባበረ መስታወት ላይ ይራመዳል። በብዙ ጡንቸኛ ጀግኖች ዘመን ማክሌንን የተጫወተውን ብሩስ ዊሊስን የለየው ይህ ነበር። ያመዋል።

ከዕቃ ወደ ሥራ እንለፍ። ሰውን ሙያው ላይ ሳለ ማሳየት ሌላው ትልቅ መንገድ ነው፤ በዚህ በኩል የፈረንሳዩ ዣን ፒየር ሜልቪል «ለ ሳሙራይ» (1967) የብዙዎች መምህር ሆኗል። ግራጫ ክፍል፣ ሁለት መስኮት፣ መሐል ላይ የወፍ ጎጆ። መጀመሪያ ክፍሉ ባዶ ይመስላል፤ ሰው መኖሩን የምናውቀው ከአልጋው የሲጋራ ጭስ ሲነሣ ነው። ቅጥረኛ ገዳዩ ዤፍ ኮስቴሎ፣ አላን ደሎን፣ ተነሥቶ የዝናብ ካፖርቱን ይለብሳል፤ መስታወት ፊት ቆሞ የባርኔጣውን ጠርዝ በጣቶቹ ዳሰስ አድርጎ ያስተካክላል። መንገድ ዳር የቆመች ሲትሮን ውስጥ ይገባል፤ የቁልፍ ዘለላ ከጎኑ ዘርግቶ አንድ በአንድ ይሞክራል። አይቸኩልም። ዓይኑ የሚያየው የፊት ለፊቱን ነው። በመንገድ ላይ ከጎኑ መኪና ያለች ቆንጆ ሴት ስታየው መልሶ ፊቱን ያዞራል። ጋራዥ ገብቶ ታርጋ ያስቀይራል፤ መንጃ ወረቀትና ሽጉጥ ይቀበላል። በዚህ ሁሉ ንግግር የለም፤ የመጀመሪያው ቃል የሚሰማው አሥር ደቂቃ ገደማ ካለፈ በኋላ ነው።

እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ሰው ስስ ብልቱ የት ነው? እኔ ወፏ ላይ አየዋለሁ። ያ ባዶ ክፍል ውስጥ እሱን የሚያውቅ ሌላ ሕያው ነገር የለም። ኋላ ላይ ፖሊሶች ክፍሉ ውስጥ ድምፅ መቅጃ ሲደብቁ ምልክቱን የሚሰጠው የወፏ መረበሽ ነው። ያም ሆኖ ብቸኝነቱ ራሱ ይበላዋል። ከአርባ ከሚበልጡ ዓመታት በኋላ «ድራይቭ» (2011) የሎስ አንጀለሱን ስም የለሽ ሾፌር ያስተዋወቀን በዚሁ ስልት ነው። ሾፌሩ ለሌቦቹ አምስት ደቂቃ ብቻ ይሰጣል፤ ራዲዮ ላይ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ያዳምጣል፤ ጨዋታው ሲያልቅ ከስታዲየሙ በሚወጣው ሕዝብ መሐል ይሰወራል። ራዲዮው ለመዝናኛ እንዳልተከፈተ ያኔ ይገባናል። ድንቅ መክፈቻ ነው፤ ብርታቱን እንጂ ጉድለቱን ስለማያሳይ ግን ከሜልቪል ዝቅ አደርገዋለሁ።

የፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ «ዘ ኮንቨርሴሽን» (1974) ሥራን ከጉድለት ጋር አንድ ላይ ያሳያል። ሳን ፍራንሲስኮ፣ ዩኒየን አደባባይ፤ ካሜራው ከላይ ሆኖ በጣም ቀስ ብሎ ወደ ሕዝቡ ይቀርባል። ያለ ድምፅ የሚተውን አንድ አስመሳይ ሰው ሁሉ እየተከተለ ይኮርጃል። ከመሐል አንድ የዝናብ ካፖርት የለበሰ፣ ቡና የያዘ ሰውዬ ላይ ይጣበቅበታል፤ ሰውየው ተረብሾ ይሸሻል። ይህ ሃሪ ኮል ነው፤ የሰው ወሬ ጠልፎ በመቅዳት አገር የሚያውቀው ባለሙያ። ሁለት ወጣቶችን እያስቀዳ ሳለ እሱ ራሱ ይታያል፣ ይከተሉታል፣ ይኮርጁታል። ሌላውን የሚሰልል ሰው መታየትን እንዴት እንደሚጠላ ያ አስመሳይ በጥቂት እርምጃ አሳየን። ፊልሙ ሲያልቅ ሃሪ የራሱን ቤት ወለል እየነቀለ የተደበቀ ማይክሮፎን ሲፈልግ የምናየው ሰው ያው ከአደባባዩ የሸሸው ነው።

ስለ ሴት ገጸ ባሕሪ ስናነሣ የጆናታን ደሚን «ዘ ሳይለንስ ኦፍ ዘ ላምብስ» (1991) ማለፍ አይቻልም። ኳንቲኮ፣ ቨርጂኒያ፤ ጭጋግ የዋጠው የጠዋት ጫካ። አንዲት ወጣት ከታች ገመድ ጨብጣ ዳገቱን ወደ እኛ ትወጣለች። ማን እንደሆነች አይነገረንም። ትሮጣለች፣ የገመድ መረብ ትሻገራለች፣ ትንፋሿ ይሰማል። የሚያባርራት አለ ወይ ብለን እንሰጋለን፤ ጫካ ውስጥ ብቻዋን የምትሮጥ ሴት በዚህ ዓይነት ፊልም ምን እንደሚገጥማት ለምደናልና። ከኋላ አንድ ወንድ ስሟን ይጠራል፤ መምህሯ ነው፤ አለቃ ይፈልግሻል ይላታል። ስጋታችንን አስነሥቶ ሻረው፤ ግን ከውስጣችን አላወጣውም።

ቀጥሎ አሳንሰር ውስጥ ትገባለች። ላብ ያራሰው ግራጫ ልብስ ለብሳለች፤ ዙሪያዋን የከበቧት ቀይ የለበሱ፣ ከእሷ በራስ የሚበልጡ የኤፍቢአይ ወንድ ሰልጣኞች ናቸው። ማንም ክፉ አልተናገራትም፤ ማንም አልገፋትም። ትንሽ ናት፤ ይኸው ነው የምናየው። ደሚ በፊልሙ ሁሉ ያልተለመደ ነገር ያደርጋል። ወንዶቹ ክላሪስ ስታርሊንግን ሲያነጋግሩ ዓይናቸውን በቀጥታ ካሜራው ላይ ይተክላሉ፤ እሷ ስትመልስ ግን ዕይታዋ ከካሜራው ትንሽ ጎን ነው። እየተመዘንን ያለነው እኛ እንደሆንን ይሰማናል። እስረኛው ነፍሰ ገዳይ ሐኒባል ሌክተር ሴሉ ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆሞ ሲጠብቃት፣ ገዳዩ በጨለማው ምድር ቤት በሌሊት ማያ መነጽር ሲከተላት፣ አሳንሰሩ ውስጥ የጀመረው ያ መታየት ነው እየባሰ የሚሄደው። ፊልሙ አምስቱን ዋና ዋና ኦስካሮች ወሰደ፤ ክላሪስን የተጫወተችው ጆዲ ፎስተርም የራሷን። ለእኔ ሽልማቱን ያገኘችው ገና ገመዱን ስትጨብጥ ነው።

የተቃራኒው ወገን ክርክር መሰማት አለበት። ጄምስ ቦንድ ለአሥርት ዓመታት ዓለምን የያዘው ድክመት ሳያሳይ ነው። በ«ዶክተር ኖ» (1962) ሾን ኮነሪን ቁማር ጠረጴዛ ላይ በመጀመሪያ በእጆቹና በጀርባው ብቻ እናየዋለን፤ ፊቱ የሚገለጠው ስሙን ሲጠየቅ፣ ሲጋራውን እየለኮሰ ነው። ይህ የመድረክ መጋረጃ አነሣሥ ነው፤ ደስ ይላል፣ ይማርካል። ነገር ግን ለዚያ ሰው ማን ፈርቶ ያውቃል? እንደማይሞት እናውቃለን። የፊልሞቹ ባለቤቶችም በኋላ ይህን የተረዱት ይመስለኛል። «ካዚኖ ሮያል» (2006) በጥቁርና ነጭ ተከፍቶ ቦንድን መጸዳጃ ቤት ውስጥ ሲታገል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሲገድል ያሳያል። አስቀያሚ፣ የሚያደክም፣ የተዝረከረከ ግድያ ነው። ያ ሰው ከአርባ ከሚበልጡ ዓመታት በኋላ የምንሰጋለት የሆነው በዚያ ምክንያት ነው።

ሌላው ስልት ሰውየውን በመሰወር የሚያስተዋውቅ ነው። ፍሪትዝ ላንግ በ«ኤም» (1931) ነፍሰ ገዳዩን ሲያመጣ ፊቱን አያሳየንም። ትንሿ ኤልሲ ኳሷን የማስታወቂያ ዓምድ ላይ እያነጠረች ነው፤ ዓምዱ ላይ ገዳዩን ለጠቆመ 10,000 ማርክ እንደሚከፈል ተጽፏል። ባርኔጣ ያደረገ ጥላ ጽሑፉ ላይ ያርፍና ኳስሽ ታምራለች ይላታል። ከዚያ እናት በደረጃው ቁልቁል ስሟን ትጣራለች፤ የተዘረጋ ባዶ ሳህን፤ ከቁጥቋጦ የምትንከባለል ኳስ፤ የስልክ ሽቦ ላይ የተጠለፈ ፊኛ። ግድያውን አላየንም፤ አያስፈልግምም። «ዘ ተርድ ማን» (1949) ይህን ስልት ወደ ጫፍ ወስዶ ሃሪ ላይምን አንድ ሰዓት ያህል ያስጠብቀናል። ሞተ የተባለውን ሰው በሌሎች አንደበት ወድደንም ጠልተንም ከጨረስን በኋላ ቬየና ውስጥ አንድ በር ሥር ቆሞ ይገኛል። «ዘ ዳርክ ናይት»ም (2008) ጆከርን ከጭንብል ከለበሱ ባንክ ዘራፊዎች መሐል ደብቆ እስከ ዝርፊያው ፍጻሜ አይገልጠውም። ክፉ ሰው ሲዘገይ ይገዝፋል። የምንሰጋለት ሰው ግን መዘግየት አይችልም።

ከኤስያ አንዱን ብቻ ልምረጥ። የቦንግ ጁን ሆ «ሜሞሪስ ኦፍ መርደር» (2003) በ1986 የደቡብ ኮሪያ ገጠር ይከፈታል። የደረሰ የሩዝ ማሳ፣ ነፍሳት የሚይዝ ልጅ። መርማሪው ፓርክ በእርሻ ተሽከርካሪ ተጭኖ ይመጣል፤ ከማሳው ዳር ካለው የተከደነ ቦይ ውስጥ የሴት አስከሬን አለ። ሕጻናቱ በማስረጃዎቹ ዙሪያ ይሯሯጣሉ፤ ይጮህባቸዋል፤ የሚሰማው የለም። አንድ ልጅ ደግሞ ቦዩ ላይ ተቀምጦ የተናገረውን ቃል በቃል ይደግምለታል፤ ፊቱን ሳይቀር እየኮረጀ። ሌላ ፊልም መርማሪውን ብልህነቱን በማስመስከር ያስተዋውቅ ነበር። ይህኛው ሥልጣኑ ባዶ መሆኑን በልጅ አስመሰከረበት። ፓርክ የሰውን ዓይን አይቶ ወንጀለኛን እለያለሁ ባይ ነው፤ ምርመራው ግን ንጹሓንን እያሰቃየ መና ይቀራል። ፊልሙ የተመሠረተበት እውነተኛ ወንጀል ፈጻሚው የታወቀው በ2019፣ ፊልሙ ከወጣ ከ16 ዓመታት በኋላ ነው።

ስለ ፊልም ጽሑፍ በሚያስተምሩ ሰዎች ዘንድ የሚዘወተር አንድ ምክር አለ፤ ዋናው ሰው ገና ሲታይ አንድ በጎ ነገር ያድርግ፣ ተመልካች እንዲወደው። አሜሪካዊው ብሌክ ስናይደር በ2005 ባወጣው መጽሐፍ ይህን ምክር በሰፊው አስተዋውቆታል። እኔ አልቀበለውም፤ ቢያንስ ለዚህ የፊልም ዓይነት። «ናይትክሮለር» (2014) ሉ ብሉምን የሚያስተዋውቀን በሌሊት የሽቦ አጥር ሲቆርጥ ነው። ዘበኛ ይደርስበታል፤ ሉ በትሕትና መንገድ እንደጠፋው ሲያስረዳ ዓይኑ የዘበኛው የእጅ ሰዓት ላይ ያርፋል፤ ከዚያ ይዘልበታል። በሚቀጥለው ሾት ሉ መኪናውን እየነዳ ነው፤ ሰዓቱ በእጁ ላይ ታስሯል። የሰረቀውን ብረት ለመሸጥ ሄዶ እዚያው ሥራ ቅጠሩኝ ይላል፤ ሌባ አልቀጥርም ይባላል። ምን የሚወደድ ነገር አለው? ምንም። ሆኖም ዓይናችንን ልንነቅል አንችልም፤ ሰው የመባል ረሃቡን አይተናልና። «ታክሲ ድራይቨር»ም (1976) ትራቪስን ሌሊት እንቅልፍ የማይወስደው፣ የትም መቼም ለመንዳት ዝግጁ የሆነ ሥራ ፈላጊ አድርጎ ነው ያቀረበው። መውደድና መረዳት የተለያዩ ናቸው፤ ልብ አንጠልጣይ ፊልም የሚፈልገው ሁለተኛውን ነው።

ይህ ሁሉ ለአማርኛ ተመልካች ሩቅ ነገር አይደለም። ከእነዚህ ፊልሞች ብዙዎቹ ወደ እኛ የሚደርሱት በትርጉም ወይም «ፊልም በአጭሩ» እየተባለ በዩቲዩብና በቴሌግራም በሚተረክ ቅንብር ነው። ትረካው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በአንድ መልክ ነው፤ ፊልሙ ሲጀምር እገሌ የሚባል፣ ይህን የሚሠራ ሰው እናያለን። ሜልቪል አሥር ደቂቃ ሙሉ የጠበቀው ዝምታ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይሞላል። የጎማው ፎቶግራፍ፣ የወፏ ጎጆ፣ የዘበኛው ሰዓት ይዘለላሉ። የሚቀርልን ታሪኩ ብቻ ነው፤ ታሪኩ ደግሞ ከእነዚህ ፊልሞች ትንሹ ክፍል ነው።

ስለዚህ ለተራኪዎቻችን የምለምነው አንድ ነገር ነው። መክፈቻው ዝም ሲል እናንተም ዝም በሉ፤ ስሙን ፊልሙ ራሱ እስኪነግረን ጠብቁ። ለአዳዲስ የፊልም ጸሐፊዎቻችን ደግሞ፣ የገጸ ባሕሪያችሁን የኋላ ታሪክ በስልክ ወሬ ከማስነገራችሁ በፊት በምን እንደሚሰበር ወስኑ፤ ያንን በአንድ ዕቃ ወይም በአንድ ድርጊት ልታሳዩት ከቻላችሁ ስልኩ አያስፈልግም። አንባቢ ሆይ፣ «ሪር ዊንዶው»ን ካላየኸው ዛሬ ማታ ፈልገህ የመጀመሪያዎቹን አራት ደቂቃዎች ስልክህን አስቀምጠህ እይ፤ አይተኸው ከነበረም ድምፁን አጥፍተህ ድገመው።